ቡላና የግራ እጅ፦ ባሕር ዳር ላይ አንዲት ውሻ ለሕክምና እገዛ የሠለጠነችበት ጉዳይ

ልጅቷ ወደ እኛ ስትመጣ 7 ዓመቷ ነበር። ግራ እጇ ጭብጥ ብሏል። አውራ ጣቷ መዳፏ ውስጥ ገብቷል። ክርኗ ታጥፎ ደረቷ ላይ ልጥፍ ብሏል። ገና በጨቅላነቷ አንጎሏ ላይ ከደረሰ ጉዳት የመጣ ነው። ሐኪሞች ሴሬብራል ፓልሲ ይሉታል። የእሷ ዓይነቱ የሰውነትን አንድ ጎን ብቻ የሚይዘው ነው። ትናገራለች፤ እያነከሰችም ቢሆን ትሮጣለች፤ በትምህርቷ ጎበዝ ናት። ግራ እጇን ግን ረስታዋለች።

ረስታዋለች ስል ለአባባል ያህል አይደለም። አንዱ እጅ ሁሉን ከሠራ፣ ልጅ ሌላውን የሚሞክርበት ምክንያት የለውም። ሞክሮ ሲያቅተው ይተወዋል። ሲተወው ጡንቻው እየተገተረ፣ መገጣጠሚያው እየደረቀ ይሄዳል። ያኔ መሞከሩ ጭራሽ ይከብዳል። ፊዚዮቴራፒስት ነኝና ይህን በየቀኑ አያለሁ።

የምጽፈው ስለዚች ልጅና ቡላ ስለምትባል አንዲት የሀበሻ ውሻ ነው። እናትየው እንድጽፈው ፈቅዳለች። የሰውም የማዕከሉም ስም አይጠቀስም። ባሕር ዳር፣ ከጣና ብዙ የማይርቅ አንድ ትንሽ ክፍል መሆኑ ይበቃል።

ለምን ውሻ?

መጀመሪያ የሞከርነው የታወቀውን መንገድ ነው። ጥሩውን እጅ ጓንት አልብሶ ደካማውን ማሠራት። በደንብ የተጠና ዘዴ ነው፤ ለብዙ ልጆችም ይሠራል። እሷ ላይ ግን አልሆነም። ቀኝ እጇ ሲያዝባት ትንፋሿ እስኪቆራረጥ አለቀሰች። በሦስተኛው ቀን እናቷ ጓንቱን ራሷ አወለቀችው። "ይቅርብኝ፣ ልጄን አታስለቅሱብኝ" አለች። አልፈረድኩባትም።

ከዚያ በሁለት እጅ ወደሚሠሩ ጨዋታዎች ዞርን። ክዳን መክፈት፣ ዶቃ መሰካት፣ ኳስ መቀበል። አምስት ደቂቃ ትሠራና ፊቷን ታዞራለች። የምትሠራው እኔ ስላልኳት ብቻ ነበር።

እናቷ ሐይቁ ዳር፣ ዛፍ ጥላ ሥር፣ የጀበና ቡና ትሸጣለች። አንድ እሑድ ከሰዓት ቡና ልጠጣ ሄድኩ። ልጅቷ በርጩማ ላይ ቁጭ ብላ ለአንድ የመንገድ ውሻ ዳቦ ትሰጣለች። የምትቆርሰው በቀኝ እጇ ነው። ዳቦውን የያዘችው ግን በግራዋ ነበር፤ ክንዷና ደረቷ መሀል አጣብቃ። ቁራሽ በቆረሰች ቁጥር ግራ ክንዷ ጠበቅ ያደርገዋል። ማንም አላዘዛትም። እሷን ሳይ ቡናዬ ቀዘቀዘ።

እንስሳን ከታመመ ሰው ጋር ማዋል አዲስ ሐሳብ አይደለም። ፍሎረንስ ናይቲንጌል እ.ኤ.አ. በ1860 ስለ ነርስነት ስትጽፍ፣ ትንሽ የቤት እንስሳ ለበሽተኛ፣ በተለይ አልጋ ላይ ለከረመ ሰው፣ ጥሩ ጓደኛ እንደሚሆን አንስታለች። ከመቶ ዓመት በኋላ ደግሞ ቦሪስ ሌቪንሰን የሚባል የኒውዮርክ የሕፃናት ሥነ ልቦና ባለሙያ ነበር። ከሰው ጋር አልግባባ ያለ ልጅ ጂንግልስ ከተባለው ውሻው ጋር ሲግባባ አየ። ከዚያ በኋላ ውሻውን የሥራው ረዳት አደረገው። በ1962 ስለዚሁ ሲጽፍ በቁም ነገር ያልተቀበሉት የሙያ ባልደረቦች ነበሩ። ሥራው ዛሬ በብዙ አገር ሆስፒታልና ትምህርት ቤት ውስጥ አለ።

ሰዎች የሚያምታቱት ነገር ስላለ ልለየው። ዓይነ ስውርን የሚመራ ውሻ ለአንድ ሰው ብቻ የሚሠራ ነው። ሕሙማንን እየዞረ የሚጎበኝና የሚያጽናና ውሻ ሌላ ነው። እኛ የፈለግነው ከዚህም ይለያል። ባለሙያው የጻፈው ግብ ይኖራል፣ ውሻው እዚያ ለመድረስ ይረዳል፣ የተገኘው ይመዘገባል። ግባችን ሁለት ነበር። ግራ እጇ ዕቃ እንዲይዝላት፤ ከዚያ የያዘውን እንዲለቅላት። መልቀቁ ከመያዙ ይብሳል። የተገተረ እጅ አንዴ ከጨበጠ ጨብጦ ይቀራል።

ቡላን መምረጥ

ሽምብጥ አካባቢ አንድ ጎረቤት ግቢ ውስጥ፣ የእንጨት ክምር ሥር፣ አምስት ቡችሎች ተወልደው ነበር። 7 ሳምንት ሲሆናቸው ሄድኩ። በመጀመሪያ ያየሁት እናታቸውን ነው። ቡችሎቿን ስነካ ተነስታ አሸተተችኝና ተመልሳ ተኛች። ይህ ለእኔ ትልቅ ነገር ነበር። የቡችላ ፈተና ብቻውን ብዙ አይነግርም፤ የእናት ጸባይ ግን ይጨምርበታል።

ከዚያ የቁልፍ ዘለላ ከወገቤ ከፍታ መሬት ላይ ጣልኩ። ሁሉም ደነገጡ። ሁለቱ እንጨቱ ሥር ገቡና አልወጡም። አንዱ ጮኸብኝ። ቀለሟ ቡላ የሆነችው ግን ደንግጣ ወደ ኋላ ሸሸት አለች፣ ቆም ብላ አየች፣ ከዚያ መጥታ ቁልፉን አሸተተች። የምፈልገው ይህን ነበር። የማይደነግጥ ውሻ የለም። ደንግጦ ቶሎ የሚመለስ ግን አለ።

ወንድሟንም ሞክሬው ነበር። ጎበዝ ነው፣ ትእዛዝ ከእሷ ቀድሞ ይገባዋል። እንግዳ ሲመጣ ግን ፀጉሩ ይቆማል። ዛሬ የአንድ ቤት ጥሩ ጠባቂ ነው። ያለ ጸባዩ ገፍቼው ቢሆን ኖሮ እሱንም ልጆቹንም እበድል ነበር።

በዘንቢል የተደረገ ትምህርት

ቡላን የወሰድኳት 8 ሳምንት ሲሞላት ነው። ከዚያ ወዲያ ጊዜው ይሮጣል። ቡችላ ዓለምን የሚለምደው በግምት ከ3ኛው እስከ 14ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። በዚያ ወቅት ያየውን፣ የሰማውንና የረገጠውን "ይህ የኑሮ አካል ነው" ብሎ ይይዘዋል። ያላየውን ሲያድግ ይፈራዋል።

ችግሩ ክትባቱ ገና አላለቀም። ፓርቮ የሚባለው የአንጀት በሽታ ቡችላን በቀናት ውስጥ ይገድላል፤ ቫይረሱም መሬት ላይ ለረጅም ጊዜ ይቆያል። ስለዚህ መሬት ሳላስረግጣት በዘንቢል ይዣት ዞርኩ። ዘንባባው መሀል ባለው መንገድ፣ ቅዳሜ ገበያ ዳር፣ ዓሣ በሚራገፍበት በሐይቁ ጫፍ። ባጃጅ ጥሩምባ ሲነፋ አንድ ጉርሻ። ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ዣንጥላ ሲዘረጉ አንድ ጉርሻ። ክራንች፣ ዊልቸር፣ የሚያለቅስ ሕፃን፣ የሚንገዳገድ ሰው። አንድ አንድ ጉርሻ። ሰው ሁሉ "ምን ይዘሃል?" ይለኝ ነበር። የሚጠይቀኝን ሁሉ፣ እሷ ፈቅዳ አንገቷን ካወጣች፣ እንዲነካት አደረግሁ።

ክረምቱ ደግሞ የራሱን ትምህርት ሰጣት። ባሕር ዳር ሐምሌና ነሐሴ እንዴት እንደሚያንጎደጉድ የኖረበት ያውቀዋል። ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ በረዶ ሲወርድ ሰው እንኳ አይነጋገርም። ጉሙ ሲጠቁር ጀምሬ ምግቧን አቀርብ ነበር። ነጎድጓድ ማለት እራት ማለት ሆነላት።

ጎሽ!

ሥልጠናው የቆመው በአንድ ቃል ላይ ነው። ሌላ አገር ቀጭ የምትል ትንሽ መሣሪያ ይጠቀማሉ። እኛ "ጎሽ!" አልን። አጭር ነው፣ ከአፍ ቶሎ ይወጣል፣ ድምፁም ደስ ይላል። ለሁለት ቀን ምንም ሳላዛት "ጎሽ!" እያልኩ ወዲያው ጉርሻ ሰጠኋት። ከዚያ ቃሉን ስትሰማ ጆሮዋ ይነሳ ጀመር። አሁን ቃሉ ፎቶ እንደ ማንሳት ሆነ። ቂጧ መሬት በነካ ቅጽበት "ጎሽ!" ስላት የተሸለመችው ለምን እንደሆነ ታውቃለች። ሁለት ሰከንድ ከዘገየሁ የሸለምኩት ተነስታ ስትዘል ይሆናል።

ተቀመጪ። ተኚ። ቆዪ። ነይ። ተዪው። አምስት ቃል ናቸው። በቀን ሦስት ጊዜ፣ አምስት አምስት ደቂቃ። ዱላ የለም፣ ቁጣ የለም። "ተዪው" የምትለዋን ከሁሉ አብልጬ ሠራሁባት። ሕክምና ክፍል ውስጥ ኪኒን ይወድቃል፣ ልጅ ብስኩት ይጥላል። ከልጅ እጅ ምግብ የሚነጥቅ ውሻ አንድ ቀን ጣት ይይዛል። እግሯ ሥር ጥብስ ወድቆ ዓይን ዓይኔን እስክታይ ድረስ አራት ወር ፈጀ።

ጉርሻው የተቀቀለ ጉበት ነበር፣ የጥፍር ያህል የተቆረጠ። ዐቢይ ጾም ሲገባ ሉካንዳዎቹ ተዘጉና ተቸገርኩ። ጣና አዳነን። አጥንቱ ተለቅሞ የተቀቀለ ዓሣ ከጉበቱ ይበልጥ እንደምትወድ ያወቅሁት ያኔ ነው። የወጥ ፍርፋሪ ግን ቤታችን ውስጥ ከለከልኩ። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ደም ይጎዳሉ። ያለ ሽንኩርት ደግሞ ወጥ የለንም።

ዓመት ሲሞላት የአሜሪካ ኬኔል ክለብ እ.ኤ.አ. በ1989 ያወጣውን ባለ 10 ነጥብ የጨዋ ውሻ ፈተና እንደ መለኪያ ወሰድኩ። እንግዳን መቀበል፣ ስትዳሰስ መቀመጥ፣ በሰው መሀል መሄድ፣ ሌላ ውሻ አጠገብ መረጋጋት የመሳሰሉት ናቸው። የወደቀችው በመጨረሻው ነው፤ ባለቤቱ ከዓይኗ ተሰውሮ ለ3 ደቂቃ ከሌላ ሰው ጋር መቆየት። በ40ኛው ሰከንድ ማልቀስ ጀመረች። ወር ሙሉ ከ5 ሰከንድ ተነስተን ሠራነው።

አያትየው

ከውሻዋ ይልቅ ሰውን ማዘጋጀት ከብዶኛል። "ውሻ በበላበት ይጮሃል" እንላለን፤ ታማኝነቱን እናውቃለን። ግን ቦታው ግቢ በር ነው። ከልጅ ጋር አንድ ምንጣፍ ላይ ማለት ሌላ ነገር ነው።

የልጅቷ አያት ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው አዳመጡኝ። ከዚያ እንዲህ አሉ፦ "ልጄ፣ የእኔ ወንድም የሞተው በእብድ ውሻ ነው። ጠበል ስናቀርብለት ውኃውን አይቶ ይንቀጠቀጥ ነበር። አንተ ደግሞ ለዚች ውሻ ታመጣባታለህ?"

ይህ ኋላ ቀርነት አይደለም። ያዩትን ነው የተናገሩት። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከጀመረ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል። በአገራችንም ወደ ሰው የሚመጣው በአብዛኛው በውሻ ንክሻ ነው። ስለዚህ የቡላን የክትባት ደብተር ይዤ ሄድኩ። በ3 ወሯ እንደተከተበች፣ በየዓመቱም እንደሚደገም ገጽ በገጽ አሳየኋቸው። የትም ውሻ ቢነክስ ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውኃ ለ15 ደቂቃ ማጠብ፣ በዚያው ቀንም ጤና ተቋም መሄድ እንደሚገባ ነገርኳቸው። ምልክት ሳይጀምር ክትባቱ ሰው ያድናል። እማማ ደብተሩን ማንበብ ባይችሉም ማኅተሙን በጣታቸው ነኩት። "ማኅተም አለው" አሉ። ያን ቀን እሺም እምቢም አላሉም።

እሳቸው ያልጠየቁኝ፣ እኔን ግን የበለጠ ያሳሰበኝ ሌላ ነገር ነበር። በግና ከብት ሲታረድ ሳንባው ወይም ጉበቱ ላይ ውኃ የቋጠረ እብጠት ከተገኘ ተቆርጦ ለውሻ ይጣላል። ውሻው ያንን ሲበላ አንጀቱ ውስጥ ከጥቂት ሚሊ ሜትር የማትበልጥ የኮሶ ዓይነት ትል ትራባለች። ውሻው አይታመምም። እንቁላሏ ግን ከዓይነ ምድሩ ጋር ወጥቶ ፀጉሩ ላይ ይጣበቃል። ልጅ ውሻውን ዳብሶ እጁን አፉ ውስጥ ካደረገ፣ ያው እብጠት በልጁ ጉበት ወይም ሳንባ ውስጥ ለዓመታት ዝም ብሎ ያድጋል። ስለዚህ ቡላ ጥሬ ሥጋ ቀምሳ አታውቅም። በየ6 ሳምንቱ ፕራዚኳንቴል ትወስዳለች። የጣና ዳር ሰው መድኃኒቱን ያውቀዋል፤ ለቢልሃርዚያ የሚሰጠው እሱው ነው። ወደ ማዕከሉ ከመሄዷ በፊት ባለው ቀን ትታጠባለች፣ ጥፍሯ ይሞረዳል። ልጆቹ ከመንካታቸው በፊትም በኋላም እጃቸውን በሳሙና ይታጠባሉ። ክፍት ቁስል ወይም አስም ያለበት ልጅ አይገባም።

በእምነቱም ሆነ በፍርሃቱ ውሻ የማይፈልግ ቤተሰብ ደግሞ አለ። ማንንም ለማሳመን አልሞከርንም። ቡላ የምትመጣው ማክሰኞ ከሰዓት ብቻ ሆነ። የማይፈልግ በሌላ ቀን ይመጣል፤ በማግስቱም ክፍሉ በበረኪና ይታጠባል።

አምስተኛው ቀን

የመጀመሪያዎቹ አራት ማክሰኞዎች አማሩ። በጣም አማሩ። እዚያ ላይ ነው የተሳሳትኩት።

አምስተኛው ሚያዝያ ውስጥ ነበር። ሙቀቱ ክፍሉን አፍኖታል። ልጆቹ ደስ ስላላቸው 20 ደቂቃ የነበረው 40 ደቂቃ ደረሰ። ሦስት ልጆች በአንድ ጊዜ ገብተዋል። እኔ የልጅቷን እጅ ይዤ እሠራለሁ። አንድ ልጅ በመራመጃው ሲሄድ ተደናቅፎ ቡላ አጠገብ ወደቀና ለመነሳት ጆሮዋን ያዘ።

ቡላ አጉረመረመች። ዝቅ ያለ፣ ረጅም ድምፅ። ከዚያ ራሷን አላቃ ጥግ ላይ ቆመች። አልነከሰችም። ክፍሉ ግን ጸጥ አለ።

ጥበቃው ድምፁን ሰምተው ዱላቸውን ይዘው ገቡ። "አንዴ ብትቀምሳት ሁለተኛ አትደግመውም" አሉ። ክፋት የላቸውም። ሁላችንም ያደግነው እንዲያ ሲደረግ እያየን ነው። መሀል ገብቼ ለመንኳቸው። ልጁን አነሳሁት፣ ደህና ነው፣ ወላጆቹን ይቅርታ ጠየቅሁ። ቡላን ይዤ ወጣሁ። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ፤ ከዚህ ሁሉ ጽሑፍ አንባቢ አንድ ነገር ቢይዝ ይህን ቢይዝልኝ ደስ ይለኛል። ማጉረምረም የውሻ ቃል ነው። "ከበደኝ፣ ተዉኝ" ማለት ነው። ውሻ ባጉረመረመ ቁጥር ከተመታ ማጉረምረሙን ይተዋል። መክበዱ ግን አይቀርለትም። በሚቀጥለው ጊዜ ቃሉን ዘሎ ጥርሱን ያመጣል። "ምንም ሳይል ነከሰ" የምንለው ውሻ ብዙ ጊዜ መናገር የተከለከለ ውሻ ነው።

ማታ ቪዲዮ አየሁ። ቡላን በመያዝ የምታግዘኝ ጎረቤቴ፣ የሰፈራችን ልጅ፣ በስልኳ ቀርጻው ነበር። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ዘንዘልማ ግቢ እንስሳት ሳይንስ ትማራለች። በ22ኛው ደቂቃ ቡላ ከንፈሯን ትልሳለች። ምግብ የለም። ቀጥሎ ታዛጋለች። እንቅልፍ አይደለም፤ ውሻ ሲጨንቀው ያዛጋል። ከዚያ ፊቷን ከልጆቹ ታዞራለች። የዓይኗ ነጭ ይታያል። ጅራቷ ይወርዳል። ለ18 ደቂቃ ያህል በምታውቀው ቋንቋ ሁሉ ነግራናለች። ቪዲዮው ላይ የእኔ ጀርባ ይታያል።

የወደቀው ልጅም ጎረቤቴም አላጠፉም። እኔ ሐኪምም የውሻ ያዥም ልሁን ብዬ ነው። ሁለት ዓይን ሁለቱን አያይም። ጎረቤቴን "መቼም አታስቁሚን" ያልኳትም እኔው ነኝ፤ ገና ተማሪ ናትና ፈራችኝ።

ሰሌኑ

አንድ ወር አቋረጥን። ስንመለስ ሥርዓቱ ሌላ ነበር። 20 ደቂቃ፣ በሰዓት። አንድ ልጅ ብቻ። ጎረቤቴ ዓይኗን ከቡላ አታነሳም፤ "በቃ" ካለች እኔ ጭቅጭቅ የለኝም።

ዋናው ለውጥ ግን ሰሌኑ ነው። ከገበያ አንድ የሰሌን ምንጣፍ ገዛሁ። ጥግ ላይ ተነጠፈ። ቡላ እዚያ ስትተኛ ማንም እንዳይነካት። ልጆቹ ይህን የያዙት በራሳቸው አነጋገር ነው፦ "ቡላ ሰሌኗ ላይ ከሆነች እንግዳ አትቀበልም።" ስትፈልግ ትሄዳለች፤ ስትፈልግ ትመጣለች። ስትዳሰስ ደግሞ እስከ ሦስት ተቆጥሮ እጅ ይነሳል። ራሷን ወደ እጁ ካስጠጋች ይቀጥላል። ዝም ካለች ወይም ዞር ካለች ያበቃል። በመጀመሪያው ሳምንት ሦስት ጊዜ ወደ ሰሌኗ ሄደች። በኋላ የምትሄደው እየቀነሰ መጣ። መሄድ እንደምትችል ማወቋ ሳያሳርፋት አልቀረም።

ከልጅቷ ጋር የምንሠራው ይህ ነው። ጉርሻው ክዳን ባለው የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ነው። ዕቃውን በግራ እጇ ካልያዘች ቀኙ ክዳኑን መክፈት አይችልም። ብሩሹን በግራ ይዛ የቡላን ጀርባ ታበጥራለች፤ ብሩሹ ላይ የጨርቅ ማሰሪያ ሰፍተንበታል። ከዚያ ኳሱ። በግራ እጇ ትይዛለች፣ ትዘረጋለች፣ ቡላ ከፊቷ ትቀመጣለች። እጇ ካልለቀቀ ቡላ አትወስድም። ትጠብቃለች።

መጠበቋ ነው ሥራውን የሠራው ብዬ አምናለሁ። እኔ ብሆን "ልቀቂ፣ ልቀቂ፣ ጎበዝ" እል ነበር። እንዲህ ያለ እጅ ደግሞ ሲጣደፍና ሲጨናነቅ ይብሱን ይጨብጣል። ቡላ አታጣድፍም። ዓይኗን ኳሱ ላይ አድርጋ አንድ ደቂቃ ትቀመጣለች። ልጅቷ ትንፋሿን ታወጣለች። ትከሻዋ ይወርዳል። ጣቶቿ አንድ በአንድ ይላቀቃሉ። መጀመሪያ የሆነ ቀን ኳሱ ሲወድቅ ሁላችንም ዝም አልን። ልጅቷ ብቻ "ጎሽ!" አለች። ለቡላ ይሁን ለእጇ አልጠየቅኋትም።

"ቆይ"

ከዚያ በኋላ የሆነው ቡላ በሌለችበት ቀን ነው። ኀሙስ ነበር። እጇን እየሳብኩ አፍታታለሁ። ያማል፤ አውቃለሁ። "ቆይ" አለች። እኔ በልማድ "ትንሽ ነው የቀረን" ብዬ ቀጠልኩ። ከሕፃንነቷ ጀምሮ እጅና እግሯን ስንቱ ሲጎትት ኖሯል። ሐኪም፣ ነርስ፣ እናት፣ እኔ። ለጤናዋ ነው። ማንም ግን "ልንካ?" ብሏት አያውቅም።

ቀና ብላ አየችኝ። "ጋሼ፣ ቡላን እኮ ይጠብቋታል" አለች።

እጄን አነሳሁ። ምን እንደምላት አላወቅሁም። ውሻዋን ሦስት ቆጥሬ እጠይቃለሁ፤ ልጅቷን ግን ጠይቄያት አላውቅም። "እሺ፣ ስትዘጋጂ ንገሪኝ" አልኳት። ምናልባት ግማሽ ደቂቃ ቆየች። ከዚያ እጇን ራሷ አመጣችልኝ። ስይዘው ከወትሮው ልል ነበር።

አሁን ከሁሉም ልጆች ጋር እንዲህ እንሠራለን። ከመሳቤ በፊት እናገራለሁ፣ እስከ ስንት እንደምቆጥር እነግራቸዋለሁ፣ "ቆይ" ካሉኝ እቆማለሁ። መጀመሪያ ላይ ሥራው የሚጓተት መስሎኝ ነበር። የለቅሶው ጊዜ ስለቀረ ግን አጠረ። ማዕከሉ ውስጥ ከቡላ ያገኘነው ትልቁ ነገር ይህ ይመስለኛል፤ ግቤ ውስጥ አልጻፍኩትም ነበር።

የት ደረስን

ያለ ማጋነን ልናገር። የእጅ አንጓዋ አሁንም ይታጠፋል። ስትሮጥ አውራ ጣቷ ወደ መዳፏ ይመለሳል። ሌሊት ማቅኛዋን ታስራለች፤ እናቷ በየምሽቱ ታፍታታታለች። ቡላ ይህን ሁሉ አልተካችም፤ ለውጡንም ብቻዋን አላመጣችውም። ልጅቷም አድጋለች።

የተለወጠው ይህ ነው። በመጀመሪያዋ ማክሰኞ፣ በ20 ደቂቃ ውስጥ፣ ሳትታዘዝ ግራ እጇን የተጠቀመችው 2 ጊዜ ነበር። በ12ኛው ሳምንት መቁጠሩን ተውነው፤ ሁለቱን እጆች አብራ ስለምታንቀሳቅስ የቱን መቁጠር እንዳለብን ማወቅ አቃተን። እናቷ የነገረችኝ ደግሞ ከእኔ መዝገብ ይበልጥብኛል። ቡናው ሲፈላ ልጅቷ ማራገቢያውን በግራ እጇ ይዛ ከሰሉን ታራግባለች። ለአንጓ ከዚያ የተሻለ ልምምድ እኔ ራሴ አላሰብኩላትም።

አያትየው እስከ ዛሬ ቡላን አይነኩም። ባለፈው ወር ግን በፌስታል የተቀቀለ ዓሣ ላኩ። አጥንቱ አንድም ሳይቀር ተለቅሟል።

ቡላ አሁን 3 ዓመት ሊሞላት ነው። ማክሰኞ ከሰዓት ባጃጁ ሲቆም ልጅቷ በመስኮት ታያለች። እጇን ትታጠባለች። ከዚያ ጥግ ላይ የተጠቀለለውን ሰሌን ግራ ብብቷ ሥር ታደርግና ወደ ቦታው ትወስደዋለች። በጉልበቷ ተንበርክካ በሁለት እጇ ትዘረጋዋለች። ጠርዙን ታስተካክላለች። ከዚያ ራቅ ብላ ቁጭ ትላለች። ቡላ ገና በሩ ላይ ናት።